ቦነያ ነኝ ያለው ድንጋይ

በአዳማ የማዕድን ደረቅ ወደብ ድንጋይ የቆፋሪውን ስም ሳይናገር አይጫንም። ቆፋሪው ድንጋዩን ሲፈነቅል ስሙን ይጠራል፤ የራስ ቁሩ ድምፁን ተቀብሎ ወደ ብሎክቼይን ይልካል። ብሎክቼይን በብዙ ሺህ ማሽኖች ላይ በአንዴ የሚጻፍ፣ ማንም ብቻውን ሊሰርዘው የማይችል መዝገብ ነው። ከድንጋዩ የሚሠራ ባትሪ የሚገዛ ሁሉ ድምፁን ከፍቶ መስማት ይችላል።

የፍተሻ ሠራተኛዋ ትርሲት ግን መስማት ከተወች ቆይታለች። አረንጓዴው መብራት ከበራ ታሳልፋለች። ቀኑን ሙሉ ስም ሲጠራበት የሚውል ጆሮ ሌላ ምን ያድርግ?

አንድ ቀን ጠዋት ማሽኑ አንድ የሊትየም ጭነት አላሳልፍም አለ። ከድንጋዮቹ ይልቅ የተመዘገቡት ድምፆች በልጠው ተገኙ። ትርሲት እየተነጫነጨች ድንጋይ የሌለውን ድምፅ ከፈተች።

«ቦነያ ነኝ። አለሁ። ከግድግዳው የሚንጠባጠበውን እየላስኩ ነው።»

ድምፁ የመጣበት ጉድጓድ ተንዶ ባለቤቶቹ «ሁሉም ወጥቷል» ብለው ከዘጉት ሰንብተዋል። ይባስ ብሎ፣ መዝገቡ እንደሚያሳየው፣ ድምፁን ከእሷ በፊት ብዙ ገዢዎች ከፍተውታል። በየቋንቋቸው ተተርጉሞላቸው ሰምተው፣ «ምንጩ ይታወቃል» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው አልፈዋል። እሷስ ሳትሰማ ያሳለፈቻቸው ስንቶቹ ምን ብለው ይሆን? ይህን ስታስብ ፈራች።

አለቃዋን አቶ ደምሰውን ጠራች።

«የሞተ ሰው ድምፅ ነው፤ ማሽኑ ተበላሽቶ ይደጋግመዋል» አላት። «አሳልፊውና እንገላገል።»

«ራስ ቁሩ እኮ የሚሠራው በለባሹ ገላ ሙቀት ነው! ሬሳ እንዴት ይመዘግባል?»

«ገዢዎቹ ሰምተው ካለፉት አንቺ ምን አገባሽ? ባሕሩ ዳር መርከቡ እየጠበቀ ነው። ሥራሽን የምትወጂ ከሆነ ፈርሚ።»

«አልፈርምም!»

ያለ እሷ ፊርማ ጭነቱ አይንቀሳቀስም፤ እምቢታዋም በዚያው መዝገብ ላይ ለዓለም ታየ። ጭነታቸው የቆመባቸው ገዢዎች ይደውሉ ጀመር። ያን ጊዜ ባለቤቶቹ የመቆፈሪያ ማሽን ላኩ።

ቦነያን ሲያወጡት ትርሲት ጉድጓዱ አፍ ላይ ነበረች። ዓይኑን ከብርሃን በጨርቅ ሸፍነውለታል።

«ድምፄ አልደረሰም ነበር?» አላት፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ልትዋሸው ፈለገች፤ አፏ እምቢ አላት። «ደርሷል፣ ወንድሜ። ብዙ ሰው ሰምቶታል።»

ቦነያ ጨርቁን በእጁ ዓይኑ ላይ ጫን አደረገው።

«እኔ እኮ» አለ፣ «የተበላሸው ማሽኑ መስሎኝ ነበር።»