ለአንድ ሰው የተከራየ ክፍል

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። በሌላ ሰው ላይ አይደለም።

ማመን የከበደው ይተወው... እኔ ግን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቦታው ደብረ ማርቆስ ነው። ወሩ ጥር፣ ጊዜው ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን የምታንጣጣበት ሰዓት። ጨለማ አልነበረም።

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ የአንዱን ሰው ደም ከሌላው ሰው ደም ጋር እንዳላደበላልቅ መጠንቀቅ ነው። ስለዚህ ያየሁትን ነገር ደግሜ ማየት ልማዴ ነው።

ከደምበጫ ተዛውሬ ስመጣ ቤት ጠፋ። ከተማውን ካዳረስኩ በኋላ እትዬ ጥሩብርሃን ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል አገኘሁ። ውሉን ስንፈራረም ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ።

«ስንት ሆነሽ ነው የምትገቢ?»

«ብቻዬን ነኝ እትዬ።»

«የፊተኛውም ብቻዬን ነኝ ብሎ ገብቶ አምስት ሆኖ ወጣ። እሱንም በፍርድ ቤት።»

ጣታቸውን ውሉ ላይ አሳረፉ።

«ከፈረምሽ ክፍሉ ያንቺ ነው። ሳላንኳኳ፣ ሳትፈቅጂልኝ እግሬን አላስገባም። አንቺ ደግሞ ሳትነግሪኝ ሰው አታስገቢም። ተግባባን?»

«ተግባባን።»

እውነትም ደጄን ረግጠው አያውቁም። የበሩ ማጠፊያ ሲላላ እንኳ አናጢ ጠርተው ያሠሩልኝ እኔ ባለሁበት ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ሲመለሱ ግቢው በር ላይ ተገናኘን። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ሶልያና፣ ያቺ ልጅ ማን ናት?»

«የትኛዋ?»

«አንቺ ሥራ ስትሄጂ በሩን ከውስጥ የምትቀረቅረዋ።»

ሳቅሁ። «አይጥ ትሆናለች።»

«አይጥ መቀርቀሪያ ትዘጋለች? ደግሞስ ታንጎራጉራለች?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ድምፅዋ እንኳ ያንቺው ነው። እህትሽ ከሆነች መደበቁ ምን ይረባሻል?»

«እህት የለኝም።»

«እንግዲያስ ዋሽተሽኛል። ሰው አስገብተሽ ከሆነ ውሉ ፈረሰ፣ ትወጫለሽ።»

ወዴት ልወጣ? ሌላ ማደሪያ አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስተዋል ያዝሁ።

ነጠላ ጫማዬን ጠዋት አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሬ ትቼው እሄዳለሁ። ስመለስ ወደ አልጋው ዞሯል...

እርጥብ ነው።

ፍራሹን በመዳፌ ነካሁት።

ሞቅ ብሏል።

ክፍሉ ውስጥ ግን አንድ አልጋ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ቡታጋዝ ብቻ ነው ያለው። በሩ አንድ ነው። መስኮቱ ጡብ ቢያክል ነው። ሰው የሚደበቅበት ቦታ የለም።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ቤት መጣሁ። ጋውኔን እንኳ አላወለቅሁም።

እትዬ ልብስ ማስጫው ሥር ቆመዋል። ገመዱ ላይ ነጭ ጋውን ተሰጥቷል። ገና ከውሃ የወጣ ነው... ይንጠባጠባል።

ያለኝ ጋውን አንድ ብቻ ነው። እሱን ለብሼዋለሁ።

«ይሄም የአይጧ ነው?» አሉኝ።

ቁልፌን አወጣሁ።

«እትዬ፣ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ። ፈቅጃለሁ፣ ይግቡ። ማንም ከሌለ ግን ስለ መውጣት ሁለተኛ አያንሱብኝ።»

«ማርቆስን፣ አላነሳም።»

ቁልፉን አስገባሁ። ዞረልኝ። ገፋሁት...

አልተከፈተም።

ከውስጥ ተቀርቅሯል።

በትከሻዬ ልገፋው ስል እትዬ ክንዴን ያዙኝ።

«ተይ! ሰው ያለበት ቤት ይንኳኳል።»

አንኳኩ። ቀስ ብለው... እንደ ደንባቸው።

ውስጥ የአልጋው ሽቦ ሲጥ አለ።

ከዚያ ነጠላ ጫማ... ሸርተት... ሸርተት... በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ስንት ሆነሽ ነው ያለሽ?» አሉ እትዬ በሹክሹክታ።

«ብቻዬን ነኝ እትዬ።»

የኔ ድምፅ ነው።

የኔ አፍ ግን እንደተዘጋ ነበር።

እትዬ በረዥሙ ተነፈሱ። ልባቸው ያረፈ ይመስላል። «ይኸው፣ ሶልያናስ ውስጥ ናት» አሉ ለራሳቸው።

ክንዴን ለቀቁት። ዞረው ፊቴን አዩት። አስተውለው አዩት... መንገድ ጠፍቶት ግቢያቸው እንደገባ ሰው።

«ታዲያ አንቺን... ማን ልበል?»

ስሜን ልናገር አፌን ከፈትሁ። ድምፅ አልወጣኝም።

እግሬ ሥር ግን አንድ ነገር ሰማሁ።

ጠብ... ጠብ... ጠብ...

ቀና ብዬ ገመዱን አየሁት። ባዶውን ነው።

የለበስሁት ጋውን ውሃ ያንጠባጥባል።