ዝናብ የማይሰማበት ስርጭት

መምህር ቦሼ ካሜራው ፊት እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። የማይክሮፎኑ ገመድ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። መጀመሪያ ያየችው ረዳቱ ሊድያ ነበረች፤ ጩኸቷ ከማሰልጠኛ ተቋሙ ግቢ አልፎ የጂንካ መንገድ ላይ ተሰማ።

ኢንስፔክተር የሺሃረግ ስትደርስ ሊድያ፣ የተቋሙ ኃላፊ አቶ በኃይሉና የውሃ ምርመራ ባለሙያው ሚልክያስ አዳራሹ ውስጥ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ዘበኛው ከቀትር ወዲህ ከእነዚህ ሌላ የገባ ሰው የለም ብሏል። አንዳቸውም ለሌላው ጀርባቸውን አልሰጡም።

ቦሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይንስን በኢንተርኔት ያስተምር ነበር። ከባዱን ነገር እንደ ጨዋታ ስለሚያስረዳ ከዲመካም ከአዲስ አበባም ብዙዎች ይከታተሉታል። የዛሬው ትምህርት ስለ አንድ ቀበሌ አዲስ የጉድጓድ ውሃ ነበር።

«ከዘጠኝ እስከ ዘጠኝ ተኩል ሲያስተምር ሦስታችንም እዚሁ ስክሪን ላይ አየነው» አለች ሊድያ። «ከዚያ ወደ ክፍሉ የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ። ገዳይዋ እኔ ነኝ ልትሉ ነው፣ አይደል?»

«ትምህርቱ እንዴት ነበር?»

«እንደወትሮው አልነበረም። ሁልጊዜ የጠያቂውን ስም እየጠራ ይመልሳል። ዛሬ ሁለት ጊዜ ጻፍኩለት፤ ዝም አለኝ።»

አቶ በኃይሉ ላባቸውን ጠረጉ። «እኔ ግማሹን አልሰማሁም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሚልክያስን ድምፁን ጨምር እያልኩ አስቸገርኩት።»

ስርጭቱን ከአዳራሹ ኮምፒውተር የመራው ሚልክያስ ነበር።

«መጨረሻ ላይ ምን አደረገ?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«የጉድጓዱን ውሃ በብርጭቆ አንስቶ አሳየና ተሰናበተ።»

የሺሃረግ ወደ ሟቹ ክፍል ሄዳ ጣሪያውን ቀና ብላ አየች። ኮርኒስ የለውም። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ የተቀመጠውን ስርጭት ከዳር እስከ ዳር አዳመጠች። ስትመለስ በሩ ላይ ፖሊስ አቁማ ሦስቱንም አንድ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሊድያ ወንበሯን ጨብጣ ያዘች።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ እዚህ አላሰማ ብሏችኋል። የቦሼ ክፍል ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ ስርጭቱ ላይ ግን አንዲት ጠብታ አትሰማም። ያያችሁት ቀድሞ የተቀረጸ ነው። ሊድያ፣ ያልመለሰልሽ ሞቶ ስለነበር ነው።»

ሊድያ አፏን በእጇ አፈነች።

«ማን ቀረጸው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ዓርብ ዓርብ ይለማመዳል» አሉ አቶ በኃይሉ ዞር ብለው። «የሚቀርጸው... ሚልክያስ ነው።»

«ብርጭቆውን አይተዋል?»

«የምን ብርጭቆ?»

«ስርጭቱ ላይ የለም። ሚልክያስ ግን አየሁ አለኝ። ተቆርጦ የወጣውን የሚያውቅ የቆረጠው ሰው ነው። በሕይወት እንዳለ አስመስለህ ያሳየኸው፣ ሲገደል አብረሃቸው የነበርክ እንዲመስል ነው። ለምን ገደልከው?»

ሚልክያስ በሩን አየ፤ ከዚያ አንገቱን ደፋ። «የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ የተባለው ማዕድን ከልክ በላይ ነበረበት። እኔ ሳልመረምር ንጹህ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። ዓርብ ሲለማመድ ብርጭቆውን አንስቶ ይህንኑ ተናገረ፤ ያንን ቆርጬ አወጣሁት። ዛሬ በሕዝብ ፊት ሊያጋልጠኝ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ።

በማግስቱ ሊድያ ካሜራው ፊት ተቀመጠች።

«ሊድያ እባላለሁ» አለች። «በጣም ፈርቻለሁ፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልናገር። ከአዲሱ ጉድጓድ አትጠጡ። የልጆቻችሁን ጥርስና አጥንት ይጎዳል። እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ አሳያችኋለሁ። ያልገባው ካለ ስሙን ይጻፍልኝ።»