የዘገየው እንክብል

የላብራቶሪው ኃላፊ ልክ በስድስት ሰዓት፣ ውሃ የጠጣበት ብርጭቆ ከእጁ ሳይወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞተ። ውሃውን ያቀረበችለት ረዳቱ ነበረች። ሐኪሞቹ ሆዱ ውስጥ ሳይከፈቱ የቀሩ ጥቃቅን የልብ መድኃኒት ቅንጣቶች አገኙ፤ መጠኑ ሲበዛ ልብ የሚያቆም ነው። ቅንጣቶቹ ቁልፍ በሌለው የረዳቷ ቁም ሳጥን ውስጥ ባለ ብልቃጥ ከተገኙት ጋር አንድ ሆኑ። ይኼኔ ሁሉም በልቡ ፈረደባት።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ በአሽሙር «ችኩሏ» ይሏታል፤ ስትቸኩል ያያት የለምና። የሟቹን ሚስት፣ ታናሽ ወንድሙንና ረዳቷን ለየብቻ ጠየቀች። ሚስትየዋ ጠዋት በሁለት ሰዓት እሷ፣ ሟቹና ወንድሙ አብረው ቁርስ እንደበሉ ነገረቻት። እዚያው ላብራቶሪ የሚሠራው ወንድም ከአራት ሰዓት ጀምሮ ሌላ ከተማ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ሃምሳ ሰው ይመሰክርለታል። ቅንጣቶቹን በዓይኑ አይቷቸው እንደማያውቅም ማለ። ረዳቷ ግን ሟቹ የወንድሙን የምርምር ውጤት ሐሰት ነው ብሎ ሊያጋልጠው ተዘጋጅቶ እንደነበር በሹክሹክታ ተናገረች። ከዚያ መርማሪዋን ቀና ብላ አየቻት።

«እኔ ከታሰርኩ ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?»

በማግስቱ ችኩሏ ሁሉንም ላብራቶሪው ውስጥ ሰበሰበች። ከሌላ ቦታ ያስመጣችው ባለሙያ ከብልቃጡ ጥቂት ቅንጣቶች ወስዶ ከአውራ ጣት በማትበልጥ መስታወት ውስጥ አስገባ። በመስታወቷ ውስጥ ፀጉር የሚያካክሉ ቦዮች አሉ፤ በቦዮቹ እንደ ጨጓራ አሲድ ያለ ፈሳሽ ይፈስሳል። አንድ መድኃኒት ሆድ ውስጥ መቼ እንደሚለቀቅ የሚታየው በዚህች ነው።

«ሽፋናቸው እስኪከፈት እንጠብቃለን» አለች ችኩሏ።

ወንድምየው የእጅ ሰዓቱን አየ። «አራት ሰዓት ሙሉ እዚህ ልንጎለት ነው?»

ችኩሏ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እንጎለታ።»

አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት፤ ሦስት። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ምንም ለውጥ የለም። አራተኛው ሰዓት ሲሞላ ቅንጣቶቹ በየተራ መፈንዳት ጀመሩ።

«መርዙ ከውሃው ጋር በስድስት ሰዓት ገብቶ ቢሆን» አለች ችኩሏ፣ «ሰውየው የሚሞተው በአሥር ነበር። በስድስት የሞተ ሰው የዋጠው በሁለት ሰዓት ነው፤ ቁርስ ላይ። ይቺ ልጅ ያኔ አጠገቡ አልነበረችም።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «እኔ ‹እስኪከፈት› ነው ያልኩት። አይቻቸው አላውቅም ያልካቸው ቅንጣቶች አራት ሰዓት እንደሚቆዩ ማን ነገረህ?»

ወንድምየው ወደ በሩ አየ።

«ቁርስ ላይ ‹የደም ግፊት መድኃኒትህን ዋጥ› ብሎ እንክብሉን ያቀበለው እሱ ነው» አለች ሚስትየዋ ቀስ ብላ። ከዚያ እጆቿን አየች። «ውሃውን የቀዳሁለት ግን እኔ ነኝ።»

ረዳቷ ተነሥታ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። እሷም ውሃ አቀብላው ነበርና።