ከሁሉም በላይ ልታይ?

ማመን አለማመን የእናንተ ነው... እኔ ግን አብዛኛውን ከጎረቤቴ ከደጀን አፍ ሰምቻለሁ፤ መጨረሻውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ነሐሴ 2009 ዓ.ም.። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ሮቢት ከተማ አጠገብ፣ ደረቅ ወንዝ ዳር።

ቆላው ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ዝናቡ የሚዘንበው በምዕራብ፣ ተራራው ላይ ነው። የደጀን ታላቅ ወንድም ታረቀኝና አራት ጎረቤቶቹ የሚመጣውን ጎርፍ ወደ ማሳቸው ለመጥለፍ ወንዙ ውስጥ ገብተው የእሾህና የአፈር ግድብ ይሠራሉ። ደጀን ጉብታው ላይ ሆኖ የጎርፉን መምጣት ይጠብቃል።

ድሮ ጠባቂው ጎርፍ ሲያይ ለማስጠንቀቅ አንድ ጥይት ይተኩስ ነበር። ያን ቀን ግን ጠመንጃው ቤት ቀረ...

«ጥይቷ ለሰርግህ ትቀመጥ» አለው ታረቀኝ። «ስልክ እያለ! ትደውልልኛለህ።»

«የምን ሰርግ? ይሄ ልጅ ስልኩን አግብቶ የለ እንዴ ወላሂ!» አለ ከጎረቤቶቹ አንዱ፣ እንድሪስ።

ሁሉም ሳቁ።

ደጀን ቁጭ ብሎ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ማያውን አፕ ከፈተ። ከሌሎቹ አፖች ፊት ለመታየት ፈቃድ የሚጠይቅ ጽሑፍ መጣ። «ከሁሉም በላይ ልታይ?»

ሳያስብ «ፍቀድ» የሚለውን ነካ።

ወዲያው ሌላው አፕ፣ ትርፍ ፋይል የሚያጠፋው ስልክ ማጽጃ፣ ያንኑ ጠየቀ። ለእሱም ፈቀደ።

ከዚያ አንዱ አፕ በጽሑፉ ሌላውን ይሸፍን ጀመር።

«እኔን እይ።»

«እሱን ዝጋው። እኔን እይ።»

«ደጀን... ቀና አትበል።»

ስሙን ስልኩ ላይ ጽፎ አያውቅም።

መሬቱ ከሥሩ ተንቀጠቀጠ። ቀና አለ።

ጎርፉ... ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ፣ እንደ ጥቁር ግድግዳ።

የታረቀኝን ቁጥር ነካ። አፖቹ ሸፈኑት። ደገመ። ሸፈኑት። ማጥፊያውን ተጫነ። አልጠፋም።

«አንድ ቪዲዮ ብቻ ቀርታለች» አለ ጽሑፉ።

ስልኩን ወርውሮ ቁልቁል ሮጠ።

«ወንድም ጋሼ! ውጡ! ውጡ!»

ማንም አልዞረም።

አምስቱም አካፋቸውን ጥለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ስልካቸውን ያያሉ።

እንድሪስ ስልክ አልነበረውም። ባዶ መዳፉን ነበር የሚያየው...

ደጀን ወንድሙን ጎተተው። አልተነቃነቀም። በጥፊ መታው። ከንፈሩ ደማ።

«በእናታችን ሞት!»

ታረቀኝ ዓይኑን ሳያነሣ አንሾካሾከ።

«ቆይ... አንዴ።»

ግንዱ መጀመሪያ የእንድሪስን ደረት መታ። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ከዚያ ውሃው ሦስቱን ጎረቤቶች ጠራርጎ ታረቀኝን ነጠቀው። ደጀንን ዳር ላይ ሲተፋው እጁ ላይ የቀረው የወንድሙ የሸሚዝ እጅጌ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ታረቀኝን ደለል ውስጥ አገኘነው። የጭንቅላቱ ግማሽ የለም። ስልኩም የለም።

ከጭንቅላቱ ሌላ ከደለሉ የወጣው ቀኝ እጁ ብቻ ነው።

ማንም ሊነካው አልደፈረም።

አውራ ጣቱ... ከታች ወደ ላይ... ከታች ወደ ላይ... ቀስ እያለ፣ ቪዲዮ እንደሚያሳልፍ ሰው፣ አየሩን ይገፋ ነበር።