ራሱን የሚያስተካክለው ፕሮግራም

ሲስተሯ ጠዋት የሕክምና ክፍሉን ኮምፒውተር ከፍታ የመጀመሪያውን ታካሚ መዝገብ ስታይ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «አለርጂ፦ የለም» ይላል። ሁለተኛውም የለም። ሦስተኛዋ እንቁላል ስትበላ ፊቷ እንደሚያብጥ ትናንት ከሰዓት እየሳቀች የነገረቻት ልጅ ናት፤ የእሷም የለም።

«ኧረ በናታችሁ! እኔ ላይ ነው እንዴ የሚጫወተው?»

ከጎኗ መርፌ የምታዘጋጀው ባልደረባዋ ቀና ሳትል፣ «ሴቭ ሳታደርጊ ወጥተሽ ይሆናላ» አለቻት።

«አድርጌያለሁ አልኩሽ።»

«እንግዲያው ደክሞሽ ነው።»

ይህ «ደክሞሽ ነው» የሚሉት ነገር የሚያሳርራትን ያህል ሌላ ምንም አያሳርራትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በነርስነት ስትሠራ የአንድ ሕፃን ክብደት እንኳ አዛብታ መዝግባ አታውቅም። አሁን ግን በአንድ ወር ውስጥ የሞላችው ሁሉ ሲጠፋ ይህ ሁለተኛው ነው። ለማን አቤት ይባላል? ሰውና ኮምፒውተር ሲካሰሱ ዳኛው ሁሉ ለኮምፒውተሩ ያደላል። ስለዚህ ከመሳቢያዋ አንድ ደብተር አወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእያንዳንዱን ታካሚ አለርጂ በእጇ ትጽፍ ጀመር፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሞላችበትንና የጠፋበትንም ቀን ከጎኑ።

የሚገርመው፣ ፕሮግራሙን የሠራው የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶት፣ ጺም አብቅሎ፣ ስምንት ጤና ጣቢያ የሚሠራበትን ፕሮግራም ጽፎ፣ እሷ ግን አሁንም ማሙሽ ነው የምትለው። እሁድ ምሳ ሊበላ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ ያዘችው።

«ማሙሽ፣ ያ ፕሮግራምህ የጻፍኩትን ይበላል።»

«እትዬ ደግሞ! ፕሮግራም አይበላም።» ሳቀባት። «የኔው ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ነው። ገና ሲከፈት ዳታቤዙ ውስጥ፣ ማለት ሁሉም ክፍል የሚጠቀምበት የመረጃ ቋት ውስጥ፣ ገብቶ ሠንጠረዡን ይፈትሻል። እንደ ስም፣ እንደ ዕድሜ ያለ ዓምድ ከጎደለ ይጨምራል፤ የማያውቀው ዓምድ ካገኘ ያነሳል። የሰው እጅ አያስፈልገውም።»

«ያነሳል ማለት?»

«ያጠፋል። ትርፍ ነገር ምን ያደርጋል?»

«ትርፍ መሆኑን በምን ያውቃል?»

«እኔ ያልነገርኩት ነገር ትርፍ ነዋ!»

ይህን ሲል ምንም አልቀፈፈውም። እንዲያውም ወንበሩን ሳብ አድርጎ ዳታቤዙን በምትጠብቀው ሴትዮ ላይ መሳለቅ ጀመረ። «ዱሮ አንዲት ዓምድ ለመጨመር ለእሷ ማመልከቻ መጻፍ ነበረብን። ለምን ፈለግኸው? ማን ማን ይነካዋል? መጠባበቂያ ቅጂ ተይዟል? አንድ ሳምንት ታስጠብቅሃለች! በመጨረሻ አለቃዋ ጋ ሄጄ ጨቀጨቅኩና ሙሉ ፈቃድ አስወጣሁ። ለፕሮግራሙ ሰጠሁት፤ ተገላገልን።»

«እሷ ምን አለች?»

«‹ፕሮግራምህ ያንብብ፣ ይጻፍ፤ ሠንጠረዥ ማፍረስና መሥራት ግን የእሱ ሥራ አይደለም› አለች። ስትመጻደቅ!»

ሲስተሯ ሠንጠረዥ ስለመሥራት የምታውቀው ነገር የለም። ወንድሟ እንደሚያውቅ ግን ለሰው ሁሉ ስትናገር ኖራለች። ሳህኑን ሞላችለት።

ረቡዕ አንድ አናጺ መጣ። ባለፈው ዓርብ እጁን መጋዝ ቆርጦት ቁስሉን ያሸገችለት እሷ ነበረች፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው ነግሯት ጽፋለታለች፣ ኮምፒውተሩም ላይ፣ ደብተሯም ላይ፤ ሰኞ ሲጠፋም ከደብተሯ መልሳ ሞልታዋለች። አሁን እጁ አመርቅዞ፣ ትኩሳት አንቀጥቅጦት ሲመጣ እሷ ክትባት ክፍል ነበረች። ተረኛው ሐኪም ስክሪኑን አየ፤ «አለርጂ፦ የለም»። ፔኒሲሊን አዘዘ። ሰውየውን ደግሞ በአፉ የጠየቀው የለም፤ ስክሪኑ መልሷላ!

ጩኸት ሰምታ ስትሮጥ አንገቱ አብጦ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ አየር እያጣ ነበር። አድሬናሊኑን ራሷ ወጋችው፤ ጭንቅላቱን ደግፋ ይዛ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀች። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ዓይኑን ገልጦ ያወጣት የመጀመሪያዋ ቃል፣

«ነግሬሽ ነበር እኮ፣ ሲስተር» የምትል ነበረች።

ሞት ይሻላል ብትል አይፈረድባትም።

ከምሳ በፊት ዳይሬክተሩ ደብዳቤ ሰጣት። እስከ ዓርብ ጠዋት ለኮሚቴው አጥጋቢ ማብራሪያ ካላቀረበች ከሕሙማን ሥራ ትነሳለች። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ በአንዲት «የለም» ሊሰረዝ ነው።

ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የጠፋባቸው ቀናት፦ ያለፈው ሳምንት ሐሙስ፣ ከዚያ የዚህ ሳምንት ሰኞ፣ ከዚያ ዛሬ። ጽዳት ሠራተኛዋን ጠየቀች፤ ዘበኛውን ጠየቀች፤ በመጨረሻ ካርድ ክፍል ገባች። እዚያ የሚሠሩትን ሽማግሌ ሁሉም ጋሼ ካርድ ይላቸዋል።

«ጋሼ፣ ባለፈው ሐሙስ እዚህ የተለየ ነገር ነበር?»

«ሐሙስ መብራት ጠፍቶ አልነበር? ይቺም አሮጊት አብራ ጠፋች። ሌላ ጊዜ ሌሊትም አላጠፋት» አሉና የኮምፒውተራቸውን ጀርባ ቸብ ቸብ አደረጉት።

«ሰኞስ?»

«ሰኞ ደርቃብኝ አጥፍቼ አበራኋት። ዛሬ ጠዋትም እንደዚያው። ምነው፣ ወንጀል ነው እንዴ?»

ሦስቱም ቀን ከደብተሯ ጋር ገጠመ። ወደ ባልደረባዋ ደወለች። «የአናጺውን አለርጂ ሙይው። ሴቭ አድርጊ። ዘግተሽ ክፈቺ። አለ?»

«ፔኒሲሊን ይላል። አለ።»

«ጋሼ፣ አሁን አጥፍተው ያብሩልኝ። ፕሮግራሙንም ይክፈቱት።» አሮጊቷ እያጓራች ተነሳች። «አንቺ ደግሞ አሁን ዘግተሽ ክፈቺ።»

በስልኩ ውስጥ የቁልፍ ጠቅታ ተሰማ።

«እ?»

«የለም ይላል» አለች ባልደረባዋ ቀስ ብላ። «አንቺ... ደክሞሽ አልነበረም።»

ማሙሽ ከሰዓት እየተነጫነጨ መጣ፤ የጋሼ ካርድ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ መነጫነጩ ቆመ። «እዚህ ያለው የአምናው ፕሮግራም ነው» አለ። የአምናው ፕሮግራም አለርጂ የሚባል ዓምድ አያውቅም። በተከፈተ ቁጥር ሠንጠረዡ ውስጥ ያገኘዋል፤ ትርፍ ነው ብሎ ከነጽሑፉ ያጠፋዋል። የሕክምና ክፍሉ አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ሲከፈት ዓምዱን ያጣዋል፤ ጎድሏል ብሎ ባዶውን እንደገና ይሠራና በሁሉም ታካሚ ፊት «የለም» ብሎ ይሞላል።

«ስህተት ነው የሚል ነገር ለምን አያወጣም ታዲያ?»

«ሁለቱም... እያስተካከሉ ነዋ፣ እትዬ።»

«ይሄኛውንስ ለምን አላደስከውም?»

«ማሽኑ አሮጌ ነው፤ አዲሱን አይችለውም። ስም መመዝገብ ብቻ ነው ብዬ ተውኩት።»

ጋሼ ካርድ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ካርድ ሳወጣና ሳስገባ ኖርኩ። ካርድ ሊወስድ መጥቶ መደርደሪያዬን በመጋዝ የሚቆርጥ ሰው ግን አላየሁም። የአንተ ይባስ፤ እኔኑ ነው መጋዙን ያስያዝከኝ።»

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ማሙሽ ክንዷን ያዛት። «እትዬ፣ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ፤ ማንም አያውቅም። አንቺ መብራት ነው ያጠፋው በያቸው። ያጠፋው የኔ ፕሮግራም መሆኑ ከታወቀ ውሌ ይሰረዛል።»

ክንዷን መንጭቃ አስለቀቀች። ንዴቷ ወር ሙሉ ሲጠራቀም የቆየ ነበርና ድምጿን ልትቆጣጠረው አልቻለችም።

«ሰውየው በእጄ ላይ ሊሞት ነበር! ሲፍጨረጨር የያዝኩት እኔ ነኝ! ወር ሙሉ ደክሞሽ ነው፣ አርጅተሽ ነው ሲሉኝ አንተም ሳቅህብኝ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ፣ ‹እስቲ ልየው› አላልክም። አሁን ደግሞ ዋሺልኝ ትለኛለህ?»

ታካሚዎች ዞረው አዩአቸው። ማሙሽ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ደብተሯን ይዛ ወደ ስብሰባው ስትገባ የወንድሟን ስም ጠርታ ታጋልጠው ወይስ ዝም ትበል ገና አልወሰነችም ነበር። እሱ ግን ቀድሟት ተቀምጧል። ዳይሬክተሩ ገና ደብዳቤውን ማንበብ ሲጀምር ተነሳ።

«ይቅርታ። ሲስተር ሁሉንም በትክክል ጽፋለች። ያጠፋው የእኔ ፕሮግራም ነው። ሠንጠረዡን እንዲያፈርስና እንዲሠራ ሥልጣን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አትስጠው ተብዬ ነበር፤ አልሰማሁም። እህቴም ነገረችኝ፤ አልሰማሁም። ዛሬ ጠዋት ያን ሥልጣን መልሻለሁ። ከእንግዲህ ሠንጠረዥ የሚለወጠው በማመልከቻ፣ ቅጂ ተይዞ፣ የሚጠቀምበት ሁሉ ተጠይቆ ነው።»

ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን አጥፎ ከፊቱ አነሳው። «ሲስተር፣ ይህ ተሰርዟል። ይቅርታ እንጠይቃለን።» ከዚያ ወደ ማሙሽ ዞረ። «ፕሮግራሙ ሌላ የት የት አለ?»

«ሰባት ጤና ጣቢያ።»



ለሌሎች ፕሮግራም የምትሠሩ ሁሉ፣ እስቲ አስቡት። የዚያች ዳታቤዝ ጠባቂ ሴትዮ አንድ ሳምንት ማስጠበቅ ያሰለቻል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚጽፍበትን ሠንጠረዥ ማፍረስ ለከፈተው ፕሮግራም ሁሉ የሚሰጥ ሥልጣን አይደለም፤ ጠያቂ፣ ተጠያቂና ፊርማ ያለው ሥራ ነው። «ትርፍ ነው» ብላችሁ የምታጠፉት ዓምድ ውስጥ የአንድ ሰው ትንፋሽ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። «የጻፍኩት ጠፋብኝ» የሚላችሁንም ሰው ድካሙን ከመመርመራችሁ በፊት ሥራችሁን መርምሩ።

ሲስተሯ እፎይ አላለችም። ወንድሟን ታውቀዋለች፤ ዛሬ ቢጸጸትም ነገ ሊዘነጋው ይችላል። ስለዚህ ከስብሰባው እንደወጡ ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ከፊቱ ቆመች።

«ደውል።»

«ሰኞ በጽሑፍ...»

«አሁን ደውል ማሙሽ! እዚያም አናጺ አለ።»

ደወለ። የሩቁ ጤና ጣቢያ ነርስ አነሳች። ማንነቱን ነግሯት፣ «አለርጂ የሚለው ቦታ ላይ የምትሞሉት ነገር እየጠፋ አስቸግሯችሁ ያውቃል?» ሲላት፣ የሴትዮዋ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ለሲስተሯ ጭምር ተሰማ።

«አንተ ነህ እንዴ? ሁለት ወር ሙሉ! ሁለት ወር ሙሉ ስሞላ ስሞላ... እኔ እኮ ያበድኩ መስሎኝ ሥራ ልለቅ ነበር!»

ማሙሽ ቀና ብሎ እህቱን አያት። 

«አላበድሽም፣ እትዬ» አላት የማያውቃትን ሴት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በየትኛው ታካሚ እንጀምር?»