የአለቃ ትዕዛዙ ጨፋሪዎች

ኢንስፔክተር ይመኙሻል ዘመሮ ስትደርስ አስከሬኑ ገና ከወንበሩ አልተነሣም ነበር። ሽማግሌው ሠዓሊ አለቃ ትዕዛዙ፣ ሊጨርሱት ጥቂት የቀራቸው ትልቅ ሥዕል ፊት ብሩሽ እንደያዙ ሞተዋል። ከንፈራቸው አረንጓዴ ነው። ቤቱ ውስጥ አንድ ወንበር፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ መደብ አለ፤ ያሳዝናል።

ሥዕሉን ያዘዘው ነጋዴ፣ አቶ ወዳጆ፣ በዓለም ከተማ የአትክልት መዝናኛ ሊከፍት ነው። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በባሕር ማዶ ለእንዲህ ያለ ቦታ የተሣለ፣ ወተት ሻጭ ልጃገረዶች የሚጨፍሩበት ሥዕል ቅጂ አምጥቶ «እንዲህ ያለ ይሣሉልኝ» ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ጨፋሪዎቹን በርኖስ የደረቡ የመንዝ ሰዎች አደረጓቸው።

የሰፈሩ ሰው ፍርዱን ከፖሊስ ቀድሞ ሰጥቷል፦ አለቃ ብሩሻቸውን በከንፈራቸው ነው የሚያሾሉት፤ ቀለም የሸጠችላቸው ሲዲቃ ናት፤ ስለዚህ መርዝ ሸጠች። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ሱቋ ታሽጎ እሷም ልትታሰር ነው።

«ወላሂ ያው የድሮው ቀለም ነው!» አለች ሲዲቃ። «ጠዋት ከእንቁላሉ ጋር አድርሼላቸው ተመለስኩ። በአስኳል ነው የሚበጠብጡት።»

«አንቺስ?» ይመኙሻል ወደ አለቃ የወንድም ልጅ ወደ ጽናት ዞረች።

«የሚታጠብ ልብስ ልወስድ መጣሁ። ደህና ነበሩ።»

«እርስዎስ፣ አቶ ወዳጆ?»

«ሥዕሉን ልወስድ ብመጣ ሞተው አገኘኋቸው። ወትሮ የምመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ያን ብሩሽ ሲልሱ ስንቴ ተዉ ብያቸዋለሁ!»

ይመኙሻል የሟቹን አፍ ከፍታ አየች። እጅጌያቸውን ገለበጠች፤ ጥምጥማቸውንም ፈታች። ከዚያ ሦስቱንም ሥዕሉ ፊት አቆመቻቸው።

«ዛሬ ረቡዕ ነው። ቀለሙ ውስጥ እንቁላል አለ። ጽናት፣ አጎትሽ በጾም ቀን ብሩሽ ይልሱ ነበር?»

«ኧረ በስመ አብ! ረቡዕና ዓርብ በእጅጌያቸው ነው የሚያሾሉት። እሱን ሳጥብ ነው የምኖረው።»

«እኔም አውቃለሁ» አለች ሲዲቃ።

«እጅጌያቸው በአረንጓዴ ተዥጎርጉሯል፤ ምላሳቸው ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ ከንፈራቸውን የቀባው ሌላ ሰው ነው። ከጥምጥሙም ሥር ቁስል አለ። ጭንቅላቱ የተፈነከተ ሰው ተነሥቶ ጥምጥም አሥሮ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ይህን ያደረገ ሰው አለቃ ብሩሽ እንደሚልሱ ያውቃል፤ በጾም ቀን እንደማይልሱ ግን አያውቅም። እርስዎ የሚያውቁት የቅዳሜውን አለቃ ብቻ ነው፣ አቶ ወዳጆ።»

ወዳጆ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«ገፋ ነው ያደረግኳቸው። ሥዕሉን አልሰጥም አሉ። ‹እነዚህን ከወሰድክብኝ እኔ ከማን ጋር እውላለሁ?› አሉኝ። ሥዕል እኮ ነው!»

ፖሊሶቹ ወሰዱት። «ሱቅሽን ክፈቺ» አለቻት ይመኙሻል ሲዲቃን። ሲዲቃ ግን አልሄደችም። ጨፋሪዎቹን እያለቀሰች አንድ በአንድ አሳየች፦ ሚስታቸው፣ እህታቸው፣ ሁለት ሚዜዎቻቸው። ሁሉም ሞተዋል።

«እኔንስ ለምን አልሣሉኝም?» አለች ጽናት።

ሲዲቃ መለሰች፦ «ጠይቄያቸው ነበር። ‹ጽናትማ ትመጣለች፤ የምትመጣን ልጅ ምን ብዬ እሥላለሁ› አሉኝ።»

ጽናት አንገቷን ደፋች። በየሳምንቱ ትመጣ ነበር፤ ግን አንድም ቀን አብራቸው ተቀምጣ አታውቅም።