ያልተገናኘው ጥሩምባ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ሒሳቤን ከፍዬ የምነሳ ሰው ነኝ። ቦንጋ ከተማ ውስጥ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ፣ ቤታችን ውስጥ ያለምክንያት አንድ ነገር ሲንኳኳ ባለቤቴ አስቴር ታማትባለች፣ እኔ ደግሞ ቴስተሬን ፍለጋ እሄዳለሁ፣ ቴስተሩም አሳፍሮኝ አያውቅም፣ ወይ የላላ ሽቦ ይሆናል፣ ወይ አይጥ፣ ወይ የጎረቤት ፍሪጅ። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ «ምን ጠጥቶ ነው?» ብዬ እጠይቅ ነበር፣ እናንተም ብትጠይቁ አልቀየማችሁም። ብቻ እመኑኝ፣ የሆነው እዚሁ ሳሎኔ ውስጥ ነው፣ ገና ሳይመሽ፣ ሦስት ሰው ቁጭ ብሎ እያየ።

መጀመሪያ ሱሴን ልናዘዝላችሁ። ሌላው ሰው ጫት ይላል፣ ድራፍት ይላል፣ ኳስ ይላል፣ የኔ ድምፅ ነው። ሙዚቃ እወዳለሁ ማለቴ አይደለም፣ እሱንማ ማን ይጠላል፣ እኔ የምለው ክራር ሲመታ ጥፍሩ ክሩን ሲነካ የሚሰማውን፣ ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት የሚስባትን ትንፋሽ ነው። ይህን ጥርት አድርጎ የሚያመጣ ደግሞ ባለ ጥሩምባ ስፒከር ነው። ሞንታርቦ አፍ ላይ ያለውን ጥሩምባ አስቡት፣ ለቤት ተብሎ ሲሠራ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል፣ ሳይጮኽ ይደርሳል፣ ጉልበትም አይጠይቅም፣ ከአንዲት የሶላር ባትሪ ጋር ተስማምቶ ያመሻል፣ መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት እንደኛ ባለ ከተማ ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ስለዚህ ስንት ዓመት ስመኝ ኖሬ በመጨረሻ ልመርጥ ተነሳሁ።

ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ጥንድ ነበሩ። አንደኛው የውጭ ሥራ ነው፣ የአዲስ አበባ ነጋዴ «ቤትህ ወስደህ ስማው፣ ካልወደድከው ሰኞ በሚመለሰው መኪና ላክልኝ» ብሎ በአደራ የሰጠኝ፣ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ዋጋውን አልነግራችሁም፣ ለአስቴርም አልነገርኳትም። ሁለተኛው የሺሺንዳው አናጺ ታደሰ እኔ በሠራሁለት ንድፍ ከዋንዛ እንጨት የቀረጸው ነው፣ ዋንዛው ደግሞ የአማቴ የጋሽ አደሎ ነበር፣ አብዛኛውን ቀፏቸውን የሰቀሉበት ትልቁ ዛፍ፣ በነፋስ ሲወድቅ «ለማገዶ አይሁን፣ ቁም ነገር ሥሩበት» ብለው የሰጡን።

ጋሽ አደሎን ማስተዋወቅ አለብኝ፣ ያለሳቸው ወሬው አይገባችሁም። ማንኪራ ጫካ ውስጥ በንብ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛፍ ላይ ወጥተው ቀፎ ሲሰቅሉ አንድ ዜማ ያንጎራጉሩ ነበር፣ ቃል የለውም፣ አፋቸውን ገጥመው በአፍንጫቸው ነው፣ ንቡን የሚጠሩበት እሱ ነው ይባላል። ታዲያ ሰው እየሰማቸው መሆኑን ካወቁ እዚያው ላይ ያቆማሉ። አንድ ቀን ስልኬን አውጥቼ ከሥር ልቀዳቸው ብል ወዲያው ዝም አሉና ከዛፉ ላይ ሆነው ቁልቁል አዩኝ። «ድምፄን አሽገህ የት ልታደርሰው ነው?» አሉኝ። «ድምፅ መንገደኛ ነው ልጄ፣ ተወው ይለፍ።» ሳቅኩና ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ባለፈው ዓመት አረፉ። ቀፎዎቹን ለአስቴር ነው የተዉላት፣ እሳቸው ከተቀበሩ በኋላ ግን ንቡ ሁሉ ቀፎውን እየጣለ ሄደ። እኔ እንደ ልማዴ «ጉንዳን ገብቶበት ነው» አልኩ፣ ጉንዳን የለም። አጎቷ «በአባትሽ ዜማ ጥሪያቸው» አሏት፣ እሷም ልትጠራ ሄደች፣ ቀፎዎቹ አሁን ከተሰቀሉባቸው ዛፎች ሥር ቆመች፣ ዜማው ጠፋባት። ልብ በሉ፣ በዚያ ዜማ ሥር ያደገች ልጅ ናት። ወጥ እያማሰለች «እንዲህ ነው የሚጀምረው» ትለኛለች፣ ትጀምረዋለች፣ ጥቂት ሄዳ «እዚህ ጋ ይወርዳል... አይ፣ አይወርድም» ትልና ማማሰያውን ይዛ ትቀራለች። ያረፉ ቀን ለቅሶዋን እንደማንም ሰው አልቅሳ ወጥቶላት ነበር፣ ዜማው የጠፋባት ጊዜ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ «አባቴን አሁን ገና ቀበርኩት» አለችኝ። ምን ይባላል? ድምፅ አውቃለሁ ባይ ባሏ አጠገቧ ተቀምጬ አንዲት ነጠላ ድምፅ ልሰጣት አልቻልኩም።

እና ያ ቅዳሜ መጣ። ታደሰ ስፒከሩ እንዴት እንደሆነ በጆሮው ሊሰማ ከሺሺንዳ በአውቶቡስ መጥቶ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፣ አስቴር ሶፋው ክንድ ላይ ናት። እኔ ራሴ የቀዳሁት የክራር ቅጂ አለኝ፣ መሃሉ ላይ አንድ ሰውዬ ከኋላ ያስላል፣ ያንን ሳል በትክክል ያላሳለልኝን ስፒከር ቤቴ አላስገባም። ነጩን አገናኘሁና ከፈትኩት። ምን ልበላችሁ፣ ሰውዬው እዚያው ቁምሳጥኑ ጋ ቆሞ ያሳለ መሰለ፣ ታደሰ ዞር ብሎ አየ። ቀጥዬ የዋንዛውን አገናኘሁ፣ ሞቅ ያለ ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን ክራሩ አንድ የተዘጋ ነገር ውስጥ ገብቶ የሚመታ ይመስላል፣ ሳሉም ታፈነ።

«ታዴ፣ እጅህ ይባረክ፣ ሥራው ቆንጆ ነው» አልኩት። «ግን ያፍናል።»

«አዲስ እንጨት ነው ቲቸር» አለኝ፣ እንደተከፋ ያስታውቃል። «ይለምዳል። ጊዜ ይስጡት። ውስጡን በሰም ነው ያሸሁት፣ በጋሽ አደሎ ሰም፣ አስቴር ናት የሰጠችኝ።»

«ሰም ድምፅ አያጠራም።»

«እናንተ ደግሞ» አለች አስቴር፣ ከሶፋው ክንድ ሳትነሳ። «ይሄን ሁሉ ጥሩምባ ደርድራችሁ አባቴ ያንጎራጎረውን አንዱም አይነግረኝ።» እኔ ሽቦ መንቀል ጀመርኩ።

የዋንዛውን ጥንድ ነቅዬ ሽቦውን ጠቅልዬ መሬት አስቀመጥኩት፣ ይህን ያዙልኝ፣ በገዛ እጄ ነው የነቀልኩት። ነጩን መልሼ ላገናኝ ስል ዝናቡ ወረደ፣ የኛን አገር ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር እንደሚደፋ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ መብራት ሄደ። ባትሪውን ልቆጥብ ብዬ አምፕሊፋየሩንም አጠፋሁት፣ ውስጡ እንደ ፋኖስ የምትበራው አምፖል ቀስ ብላ ከሰመች። ሦስታችንም ዝናቡን እናዳምጣለን።

ከዝናቡ ሥር አንድ ሌላ ድምፅ ነበር። መጀመሪያ የመሰለኝ ግራውንድ ያልታሰረለት አምፕ የሚያጉረመርመው ዓይነት ነው፣ እጄን ሰደድኩ፣ አምፑ ጠፍቷል። ባትሪውን ነቀልኩ። ድምፁ አለ። ፍሪጅ እንዳልል መብራት የለም። ጆሮዬን ተከትዬ ሄድኩ፣ ከግራው የዋንዛ ጥሩምባ ነው፣ ሽቦው ሥሩ ተጠቅልሎ ከተቀመጠው።

«አይንኩት ቲቸር» አለ ታደሰ። ከወንበሩ ተነስቷል፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል።

ገርበብ ያለው መስኮት ላይ አንዲት ንብ አርፋለች። ተነስታ በጥሩምባው ከንፈር ላይ አረፈች፣ ትንሽ ተራመደች፣ ገባች። ከኋላዋ ሌላዋ፣ ከዚያ መጋረጃው ጨለመ፣ መንጋ ነው፣ ከዚያ ዝናብ ውስጥ። አሁን የትኛውንም ንብ አናቢ ጠይቁ፣ ንብ በዝናብ አይወጣም፣ መንጋማ ጭራሽ አይታሰብም። የሚገርማችሁ ደግሞ አንዷ እጄ ላይ ስታርፍ አየኋት፣ ክንፏ ደረቅ ነው። መስኮቱ ሥር ያለው ወለል ውሃ ተኝቶበታል፣ እነሱ ግን ጠብታ አልነካቸውም። አጠገቡ ያለውን ነጩን ጥሩምባ አንዷ እንኳ ዞራ አላየችውም። የዋንዛው አፍ ሞልቶ ጠቆረ፣ ግራው ብቻ።

ድምፁ ወፍራም ነበረ፣ ቆይቶ ከፍ አለ፣ ቆየ፣ ትንሽ ዝቅ አለ፣ እንደገና ከፍ። ንብ ሁልጊዜ እምም ይላል፣ ይሄ ግን ይሄድ ነበር፣ ትንፋሽ እየወሰደ ይሄድ ነበር። የማውቀው መሰለኝ፣ አስቴርን አየኋት። አፏን ገጥማ ተነስታለች።

«እዚህ ጋ አይወርድም» አለች፣ ለማንም አይደለም። «ይጠብቃል። ይጠብቅ ነበር እኮ!»

እጇን እስከ አንጓዋ ድረስ ጥሩምባው ውስጥ ከተተችው። ልጎትታት ተንደረደርኩ፣ ግን አንዷም አልነደፈቻት፣ እንደ ውሃ ተከፍለው ዙሪያዋን ያዙ፣ እሷም ከእነሱ ጋር ማንጎራጎር ጀመረች። እውነት እላችኋለሁ፣ ስንት ስፒከር ሰምቻለሁ፣ ስንት ሰው ቤት ሄጄ አድንቄያለሁ፣ እንደዚያ ያለ ነገር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም፣ ጥርት ብሎ አይደለም፣ ቅርብ ሆኖ ነው፣ ደረቴ ውስጥ ያለ ነው የመሰለኝ። እንባዬ መጣ። አላፍርም፣ ታደሰም እያለቀሰ ነበር።

ልማድ ክፉ ነው፣ እጄ ኪሴ ገብቶ ስልኬን አወጣ። መቅጃውን ከፈትኩና ቀይዋን ምልክት ነካሁ።

ዝም አለ። መንጋው እዚያው ነው፣ ክንፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ አያለሁ፣ ድምፅ ግን የለም። ዝናቡ ብቻ። አስቴር እጇን ሳታወጣ ቀስ ብላ ዞረችና ስልኬን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ቁልቁል፣ ልክ ከዛፍ ላይ እንደሚያይ ሰው፣ እኔ ከእሷ በቁመት እንደምበልጥ ታውቃላችሁ? በጣም እበልጣለሁ።

«አውጣው» አለኝ ታደሰ፣ አንቱታውንም ረስቶ። ስልኩን ይዤ ወጣሁ፣ ጓሮ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ላይ ጥዬው በዝናብ በስብሼ ተመለስኩ። ደፉን እንደረገጥኩ ዜማው ካቆመበት ቀጠለ። ከመጀመሪያው አይደለም፣ ካቆመበት።

ስንት ጊዜ እንደቆየ አላውቅም። መብራት መጣ፣ ፍሪጁ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይናችንን አርገበገብን፣ ጥሩምባው ባዶ ነው። መስኮቱ ላይ የለም፣ መጋረጃው ላይ የለም፣ የሞተች አንዲት ንብ እንኳ ወለሉ ላይ ፈልጌ አጣሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፣ እኔ ጉዱን በዓይኔም በጆሮዬም አገኘሁት።

«ሰሙ ነው» አልኩ በመጨረሻ። «የሰሙ ሽታ ስቧቸው ነው።»

«እሺ ቲቸር» አለ ታደሰ። ባርኔጣውን ደፋ፣ ሻይ ጠጣ ብንለው እንቢ ብሎ ወደ መናኸሪያ ሄደ።

አስቴር እሁድ ከቅዳሴ መልስ ማንኪራ ወረደች። ከዛፎቹ ሥር ቆማ አንጎራጎረች፣ እዚያው ቆማ ሳለች ንቦቹ የመጀመሪያው ቀፎ ውስጥ መግባት ጀመሩ። ምስክርህ ማን ነው ካላችሁኝ ባለቤቴ ናት፣ የአይጥ ምስክር ድንቢጥ በሉኝ፣ ማሩን ግን ዘንድሮ በልተናል። ነጩን ጥንድ ሰኞ ላክሁት። ነጋዴው ደውሎ «ምን ጎደለው?» አለኝ። «ምንም አልጎደለውም» አልኩት፣ እውነቴን ነው፣ ምንም አልጎደለውም።

የማይገባኝ ሌላ ነው። አንዲት የላላች ብሎን በድምፅ የምለይ ሰውዬ ያንን ዜማ መያዝ አልቻልኩም። አስቴር ልብስ እያጠበች ስታንጎራጉረው እሰማዋለሁ፣ አሁንስ ያዝኩት እላለሁ፣ በር ሳልፍ የለም። ለመቅዳት ደግሞ ከዚያ ወዲህ ሞክሬም አላውቅ፣ አልሞክርምም። የቀኙን የዋንዛ ጥሩምባ አገናኝቼዋለሁ፣ ታደሰ እንዳለው እየለመደ ነው፣ የክራሩ ቅጂ ሰውዬም ጥሩ አድርጎ ያስላል። ግራውን አላገናኘሁትም። ዝናብ ሊመጣ ሲል እጄን አስገብቼ እዳስሰዋለሁ፣ ውስጡ ይሞቃል፣ ቴርሞሜትር ልከትበት አስቤ ነበር፣ ተውኩት።

አሁን አሁን ሳሎን ከመግባቴ በፊት ስልኬን ደጅ አስቀምጣለሁ፣ ቤተክርስቲያን ጫማ እንደሚወልቀው ማለት ነው። አምፑን ሳልከፍት ወንበሬ ላይ ቁጭ እላለሁ። አስቴር ልብስ ይዛ ስታልፍ በር ላይ ትቆምና «ዛሬም ስፒከር እየመረጥክ ነው?» ትለኛለች።

«ተመርጧል» እላታለሁ፣ «እየሰማሁ ነው።» እሷም አትስቅም፣ ልብሱን እንደታቀፈች ቆማ ግራውን ታየዋለች፣ ከዚያ በሩን ቀስ አድርጋ፣ ድምፅ እንዳያሰማ እየተጠነቀቀች፣ ትዘጋልኛለች።